ቆሽት፣ ስቴም ሴልና የአይጦቹ ምስክርነት

በአማርኛችን ልብ ይሰበራል፣ አንጀት ይራራል፣ ሆድ ይብሳል፤ የንዴት ቤት ግን ቆሽት ነው። የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። አባቶቻችን ከሆድ ዕቃ ሁሉ መርጠው ንዴትን ለቆሽት ለምን እንደሰጡት እነሱ ያውቃሉ። እኔ ግን ባለፈው መስከረም ቆሽቴ ያረረው በራሱ በቆሽት ጉዳይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ ወገኖች ወላይታዎች ናቸውና ለጊፋታ በዓል ወደ ወላይታ ሶዶ ወርጄ ነበር። ቁርጡ ከነዳጣው ቀርቦ፣ ጨዋታው ደምቆ ሳለ በመምህርነት የሚተዳደረው የአጎቴ ልጅ ወደ ጓዳ ጠራኝና «ጋሼ፣ ሕግ የተማሩት እርስዎ ነዎት፤ እስቲ ይህችን ወረቀት ይዩልኝ» አለኝ። ወረቀቷ ስድስት ገጽ ያላት ውል ነች። ባህር ማዶ ያለ አንድ ክሊኒክ የስኳር በሽታን «በስቴም ሴል ከሥሩ እነቅላለሁ» ይላል። የአጎቴ ልጅ የ14 ዓመት ሴት ልጁ ከሁለት ዓመት በፊት ራሷን ስታ ሆስፒታል ከገባች ጀምሮ በኢንሱሊን መርፌ ነው የምትኖረው። ለክሊኒኩ የሚከፈለውን ገንዘብ ለማግኘት ከአባቱ የወረሰውን ቤት ሊሸጥ ደላላ አነጋግሯል።

በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «በእንስሳት ላይ ተሞክሮ የተረጋገጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር በደማቁ ተጽፏል። የአጎቴ ልጅም ጣቱን እሷ ላይ አሳርፎ «ጋሼ፣ እንስሳ ከዳነበት ሰው የማይድንበት ምክንያት ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም፤ መልስም አልነበረኝም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ሕግ የተማረ ሰው ምስክር ሲቀርብለት የሚጠይቀውን ያውቃል። ምስክሩ ምን አየ? የት ሆኖ አየ? ያላየውስ ምንድን ነው? በዚህ ጉዳይ የቀረቡት ምስክሮች አይጦች ናቸው። ወደ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ያነበብኩትንና ባለሙያዎችን ጠይቄ የተረዳሁትን ለአጎቴ ልጅ ብቻ ከምነግረው፣ ተመሳሳይ ወረቀት በእጃቸው ለገባ አንባቢያንም ይጠቅም ይሆናል ብዬ እነሆ አቅርቤዋለሁ።

ቆሽት ምን ይሠራል?

ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ ጋደም ብሎ የተቀመጠ አካል ነው። አንዱ ሥራው ምግብ የሚያላም ፈሳሽ ወደ አንጀት መላክ ነው። ሁለተኛው ሥራው ግን ረቂቅ ነው። በውስጡ እንደ ደሴት ተበታትነው የሚገኙ ጥቃቅን የሕዋስ ክምችቶች አሉ። እነዚህን ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ1869 ያያቸው ፖል ላንገርሃንስ የተባለ ጀርመናዊ ተማሪ ሲሆን ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። በደሴቶቹ ውስጥ ቤታ የሚባሉት ሕዋሶች በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ሳያቋርጡ እየለኩ፣ ሲጨምር ኢንሱሊን ይለቃሉ፤ ሲቀንስ ያቆማሉ። ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች የሚያስገባ በር ከፋች ነው።

በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን ቤታ ሕዋሶች እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋቸዋል። በሁለተኛው ዓይነት ኢንሱሊን ቢኖርም ሰውነት በወጉ አይታዘዘውም፤ ቆሽቱም ቀስ በቀስ ይደክማል። የአጎቴ ልጅ ልጅ የያዛት አንደኛው ዓይነት ነው። ለእሷ ኢንሱሊን እንደ ምግብና እንደ ውሃ የዕለት ጉዳይ ነው።

ችግሩ መርፌ ኢንሱሊን ይሰጣል እንጂ አይለካም። የሚለካው ሰውየው ነው። ትንሽ ከበዛ ስኳር ወርዶ ራስን ያስታል፤ ካነሰ ስኳሩ ወጥቶ ከዓመታት በኋላ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ይጎዳል። የሳይንቲስቶቹ ሕልምም ከዚህ ይነሳል። ኢንሱሊንን ከመስጠት ይልቅ፣ እየለካ የሚሰጠውን ሕዋስ ራሱን መልሶ መትከል ቢቻልስ?

ውሻና በሬ የከፈሉት

የዚህ በሽታ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከእንስሳት ጋር የተቆራኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በስትራስቡርግ ጆሴፍ ፎን ሜሪንግና ኦስካር ሚንኮቭስኪ የአንድን ውሻ ቆሽት አወጡ። ውሻው ያለማቋረጥ ይሸና ጀመር፤ ሽንቱም ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። የስኳር በሽታ መነሻው ቆሽት ዘንድ መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1921 ክረምት በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ ከውሻ ቆሽት ያወጡትን ጭማቂ ቆሽት ለወጣላቸው ውሾች ወጉ፤ የውሾቹም ስኳር ወረደ። በጥር 1922 ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በበሽታው ሊሞት ሲቃረብ መርፌው ተሰጠው። የመጀመሪያው መርፌ ንጹህ ስላልነበር አልሠራም። ከ12 ቀን በኋላ ጄምስ ኮሊፕ ያጣራው ኢንሱሊን ሲሰጠው ግን ልጁ ነፍስ ዘራ፤ ከዚያም ከ13 ዓመት በላይ ኖረ። አግኚዎቹ የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነበር ያስተላለፉት።

ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል የዓለም የስኳር ሕሙማን የኖሩት ከቄራ በተሰበሰበ የበሬና የአሳማ ቆሽት ነው። በበሬ ማድለብ ስሙ ለታወቀው የወላይታ ገበሬ ይህ ሳይገርመው አይቀርም። የበሬ ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው በ3 አሚኖ አሲድ ብቻ ሲሆን፣ የአሳማው ደግሞ በ1 ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በባክቴሪያ አማካይነት የተመረተ የሰው ኢንሱሊን በአሜሪካ ከተፈቀደ በኋላ በሬዎቹ ቀስ በቀስ ከዚህ ግዴታ ነጻ ወጡ።

ስቴም ሴል ምንድን ነው?

ስቴም ሴል ገና ሙያ ያልመረጠ ሕዋስ ማለት ነው። የልብ፣ የነርቭ፣ የቆዳ ወይም የቆሽት ሕዋስ ሊሆን ይችላል። የሰው ሽል ስቴም ሴል ከሰውነት ውጭ እንዲኖርና እንዲራባ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካዊው ጄምስ ቶምሰን ነው። ሽልን መጠቀም የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ክርክር አስነሳ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ የአይጥን የቆዳ ሕዋስ ወደ ኋላ መልሶ ስቴም ሴል ማድረግ እንደሚቻል አሳየ፤ በ2007 በሰው ሕዋስ ደገመው፤ በ2012 የኖቤል ሽልማት ተጋራ። በዚህም ክርክሩ ጋብ አለ።

ከስቴም ሴል ቤታ ሕዋስ ማውጣት ግን አንድን ሕፃን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ እንደማድረስ ነው። በቆሽት አፈጣጠር ወቅት በማህፀን ውስጥ የሚሆነውን ቅደም ተከተል በቤተ ሙከራ ሳህን ውስጥ፣ በየደረጃው ተገቢውን ንጥረ ነገር እየጨመሩ ለሳምንታት መድገም ይጠይቃል። አንዱ ደረጃ ከተዛነፈ የሚወጣው ሌላ ነገር ነው።

አይጦቹ ምን መሰከሩ?

አይጥ በተፈጥሮዋ የስኳር በሽታ እስኪይዛት አይጠበቅም። ስትሬፕቶዞቶሲን ወይም አሎክሳን የተባለ ኬሚካል ሲሰጣት ቤታ ሕዋሶቿ ይሞታሉ፤ ስኳሯም ይወጣል። ከዚያ አዲሱ ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ በኩላሊቷ ሽፋን ሥር ይተከልና ስኳሯ ይወርድ እንደሆነ ይጠበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የስፔኑ ተመራማሪ በርናት ሶርያና ባልደረቦቹ ከአይጥ ስቴም ሴል ያወጡት ኢንሱሊን አምራች ሕዋስ የታመሙ አይጦችን ስኳር ወደ ልኩ እንደመለሰ ዘገቡ። ዓለም ደስ አለው። በ2001 ሌላ የአሜሪካ ቡድን በተመሳሳይ ዘርፍ ትልቅ ውጤት አሳተመ። በ2003 ግን የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አንድ የሚያሳፍር ነገር አሳዩ። በዚያ ዘዴ የተገኙት ሕዋሶች ኢንሱሊን ይዘው የታዩት ራሳቸው ሠርተውት ሳይሆን፣ ከተነከሩበት ፈሳሽ ውስጥ መጠው ነበር! የእኛ ሙያ ይህን የሐሰት ማስረጃ ይለዋል፤ ዕቃው በተከሳሹ ኪስ ተገኘ ማለት ተከሳሹ ሠራው ማለት አይደለም።

ሳይንሱ ግን ከስህተቱ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኖቮሴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎች ከሰው ሽል ስቴም ሴል የተገኙ፣ ገና ያልበሰሉ የቆሽት ሕዋሶችን በአይጦች ሰውነት ውስጥ ተከሉ። ሕዋሶቹ ከወራት በኋላ በስለው ለስኳር ምላሽ የሚሰጥ የሰው ኢንሱሊን ማመንጨት ጀመሩ። ከዚያ የአይጦቹ የራሳቸው ቤታ ሕዋስ በኬሚካል ሲጠፋ አይጦቹ ደህና ሆነው ቆዩ። የተተከለው ሲወጣ ግን ስኳራቸው ወዲያው ተመልሶ ወጣ። ይህ መስቀለኛ ጥያቄ ያለፈ ምስክርነት ነው። የፈወሳቸው የተተከለው ሕዋስ መሆኑ ያለጥርጥር ታወቀ።

ዘገባው ሌላም ነገር አልደበቀም። በአንዳንዶቹ አይጦች ላይ ከተተከለው ሕዋስ ዕጢ በቅሏል። ሙያ ያልመረጠ ሕዋስ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ከገባ ራሱን ወደፈለገው ነገር ሊለውጥ ይችላል። ውድ አንባቢያን፣ የስቴም ሴል ዋናው አደጋ ይህ መሆኑን ልብ ይበሉ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ቡድኖች፣ አንደኛው በሃርቫርድ በዳግላስ ሜልተን የተመራው፣ ሁለተኛው በአሊሬዛ ሬዛኒያና በባልደረቦቹ፣ ለስኳር ምላሽ የሚሰጡ ሕዋሶችን እዚያው ሳህን ላይ ሠርተው የታመሙ አይጦችን ስኳር አወረዱ። ሜልተን የእንቁራሪት ሽል ያጠና የነበረ ሰው ነው። ወደ ስኳር በሽታ የገባው ሕፃን ልጁ በአንደኛው ዓይነት ከታመመ በኋላ ሲሆን፣ ቆይቶ ሴት ልጁም ታመመችበት። አንድ አባት ለልጁ ሲል የሙያውን አቅጣጫ ቀየረ። የአጎቴ ልጅም ለልጁ ሲል ቤት ሊሸጥ ነው። የአባቶቹ ሐሳብ አንድ ነው።

ምስክሮቹ ያላዩት

አሁን ወደ መስቀለኛ ጥያቄው እንግባ። አይጦቹ ሦስት ነገር አላዩም።

አንደኛ፣ አብዛኞቹ አይጦች የሰውነት መከላከያ የሌላቸው ሆነው የተራቡ ናቸው። ባይሆን ኖሮ የሰውን ሕዋስ ወዲያው ባጠፉት ነበር። በሰው ዘንድ ግን መከላከያው አለ። አንደኛው ዓይነት በያዘው ሰው ላይ ደግሞ መከላከያው ቀድሞም ቤታ ሕዋስን የሚያሳድድ ነው። ሁለተኛ፣ አይጦቹ የታመሙት በኬሚካል እንጂ በዚህ ማሳደድ አልነበረም። ሦስተኛ፣ አይጥ ከ30 ግራም ብዙም አትበልጥም፤ ለእሷ 5 ሚሊዮን ሕዋስ ይበቃል። ለአዋቂ ሰው በሙከራ የተሰጠው ሙሉ መጠን 800 ሚሊዮን ነው። ይህን ያህል ሕዋስ፣ ሁሉም ጤነኛ፣ አንዱም ዕጢ የማያበቅል ሆኖ ማምረት ሌላ ፈተና ነው።

ለመጀመሪያው ችግር መላ ተፈልጓል። አንዱ ሕዋሶቹን ከባህር አረም በሚገኝ አልጂኔት በተባለ ነገር መሸፈን ነው። ስኳርና ኢንሱሊን ያልፋሉ፤ የመከላከያ ሕዋሶች ግን አይገቡም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የሃርቫርድና የኤም.አይ.ቲ. ጥናት በዚህ ዘዴ መከላከያቸው ጤነኛ የሆኑ አይጦች ለ174 ቀናት ስኳራቸው ተስተካክሎ እንደቆየ አሳይቷል። ይህ ከቀድሞው የበለጠ የሚታመን ምስክር ነው፤ ቢሆንም አይጥ ነው።

ለእንስሳቱ ለራሳቸውስ?

እስካሁን እንስሳትን እንደ መሣሪያ አነሳናቸው እንጂ እነሱም በሽተኞች ናቸው። ውሻና ድመት በተፈጥሮ ስኳር ይይዛቸዋል። የውሻው እንደ ሰው አንደኛው ዓይነት ኢንሱሊን የሚፈልግ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ውሾች ቆይተው በዓይን ሞራ ይታወራሉ። የድመቷ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ይቀርባል፤ በጊዜ ከታከመች ከመርፌ ልትላቀቅም ትችላለች። የአሳማ ኢንሱሊን ከውሻ ኢንሱሊን ጋር ፍጹም አንድ ስለሆነ ለውሾች ዛሬም ያገለግላል።

በውሾች ላይ ከመርፌ ያለፈ ነገርም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1992 ፓትሪክ ሱን ሺዮንግና ባልደረቦቹ በተፈጥሮ በታመሙ ውሾች ሆድ ውስጥ በአልጂኔት የተሸፈኑ የቆሽት ደሴቶችን አስገብተው ስኳራቸውን መመለሳቸውን ዘግበዋል። በ2013 ደግሞ በባርሴሎና በፋቲማ ቦሽ የተመራ ቡድን ሕዋስ ሳይሆን ሁለት ጂኖችን በውሾች ጡንቻ ውስጥ በመርፌ አስገብቶ፣ ውሾቹ ከ4 ዓመት በላይ ያለ ኢንሱሊን እንደቆዩ አሳይቷል። እነዚህ ግን በምርምር ቤት የቀሩ ናቸው። ዛሬ ስኳር የያዘው ውሻ ያለው ሰው የትም አገር ቢኖር ከእንስሳት ሐኪሙ የሚሰጠው ኢንሱሊን ነው።

ወደ ወላይታ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። እዚያ የሚመረቅ ወጣት የሚጠብቀው ግን የስኳር በሽተኛ ውሻ ሳይሆን፣ በቆላው ወረዳ ገንዲ የያዘው የእርሻ በሬ ነው። በሬው ከሞተ ማሳው አይታረስም፤ ማሳው ካልታረሰ ቤተሰቡ ይራባል። ከዚህ በታች እንደምናየው ረሃብና ስኳር በሽታም አይተዋወቁም ማለት አይቻልም።

የአገራችን አይጦች

በእንስሳት ላይ የስኳር በሽታን የማከም ሙከራ በኢትዮጵያም አለ። በስቴም ሴል ሳይሆን በዕፅዋት ነው። ወላይታና አጎራባቾቹ ሀሌኮ የሚሉት፣ በአማርኛ ሺፈራው የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። ፕሮፌሰር እያሱ መኮንንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 የዚህ ቅጠል ውህድ በጥንቸሎች ላይ ስኳር እንደሚቀንስ አሳትመዋል። በ2015 ደግሞ ዓለማየሁ ቶማ፣ ፕሮፌሰር እያሱና ባልደረቦቻቸው በስትሬፕቶዞቶሲን በታመሙ አይጦች ላይ ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል።

ይህ ሊያኮራን ይገባል፤ ሊያታልለን ግን አይገባም። የእኛም ምስክሮች ጥንቸልና አይጥ ናቸው። ሀሌኮ መልካም ምግብ ነው፤ ቤታ ሕዋሷ ለጠፋባት ልጅ ግን ኢንሱሊን አይተካም። «ሀሌኮ ጀምሬ መርፌውን ተውኩ» ያለ የአንደኛው ዓይነት ሕመምተኛ በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል።

ሌላው የአገራችን አስተዋጽኦ ከጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ኢንሱሊን የሚፈልጉ የገጠር ሕሙማንን አጥንተው አንድ ጥያቄ አነሱ። ሕሙማኑ በአብዛኛው ከሲታና ድሃ ገበሬዎች፣ በብዛትም ወጣት ወንዶች ነበሩ። በሽታው ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ይሆን? የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለውን ዓይነት በ1985 ዕውቅና ሰጥቶት በ1999 ከመዝገቡ አውጥቶት ነበር። የጎንደሮቹ ጥያቄ መዝገቡ እንደገና ይከፈት የሚል ነው። ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 በባንኮክ በተደረገው ጉባዔ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀበለው። በዚህ ዓይነት የሰውነት መከላከያ ቤታ ሕዋስን አያሳድድም፤ ቆሽቱ ራሱ በዕድገት ዘመን በደረሰበት የምግብ እጦት ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙ ዝቅ ያለ ነው።

ወላይታ በ1977፣ በ1992 እና በ1995 ዓ.ም. የረሃብ ዘመናትን አይታለች። ምድሩ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ የሚራብበት «አረንጓዴ ረሃብ» የሚባለውም በዚሁ አካባቢ የታወቀ ነው። በአምስተኛው ዓይነት ለታመመ ሰው የኢንሱሊኑ መጠን በጥንቃቄ ይለካል። በዛ ብሎ ከተሰጠውና ቤት ውስጥ የሚበላ ከሌለ መድኃኒቱ ራሱ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ከስቴም ሴል ሁሉ በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ከእንስሳ ወደ ሰው

እውነቱን ለመናገር ተስፋው ባዶ አይደለም። ቨርቴክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከስቴም ሴል የተሠሩ ደሴቶችን ወደ ጉበት በሚገባው የደም ሥር በኩል ለሰው መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በጁን 2025 በታተመው ውጤት ሙሉ መጠን ወስደው አንድ ዓመት ከተከታተሏቸው 12 ሰዎች 10ሩ ኢንሱሊን መውጋት አቁመዋል። በቻይና ቲያንጂን ደግሞ የአንዲት የ25 ዓመት ሴት የራሷ ሕዋስ ወደ ስቴም ሴል ተመልሶ፣ ደሴት ሆኖ በሆዷ ጡንቻ ሽፋን ሥር ተተክሎላት ከ75 ቀን በኋላ ከኢንሱሊን መላቀቋ በ2024 ተዘግቧል።

አሁንም መስቀለኛ ጥያቄ ይቅረብ። የቨርቴክስ ሕሙማን ሕዋሱን ሰውነታቸው እንዳይጥለው መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። በጥናቱ ከተሳተፉት 14 ሰዎች ሁለቱ ሞተዋል፤ የሞታቸው ምክንያት የተሰጣቸው ሕዋስ አይደለም ቢባልም፣ አንደኛው የሞተው በማጅራት ገትር ሲሆን መከላከያ ሲዳከም ምን ሊከተል እንደሚችል ያስታውሳል። የቲያንጂኗ ሴትም ቀድሞ ጉበት ተተክቶላት ስለነበር እንዲህ ያለውን መድኃኒት ትወስድ ነበር። በስዊድን ኡፕሳላ ያለዚህ መድኃኒት ሊኖሩ የሚችሉ፣ ጂናቸው የተስተካከለ ደሴቶች ለአንድ ሰው ተሰጥተው ሳይጠፉ መቆየታቸው በ2025 ተዘግቧል። ሆኖም ሕዋሶቹ ከሟች ለጋሽ የተገኙ እንጂ ከስቴም ሴል አልነበሩም፤ መጠኑም ትንሽ ስለነበር ሰውየው ኢንሱሊን አላቋረጠም። መንገዱ እያጠረ ነው፤ ግን ገና አላለቀም።

ውሉን ስናነበው

ወደ ስድስቱ ገጾች ልመለስ። የመጀመሪያው ገጽ «ፈውስ» ይላል። አምስተኛው ገጽ በደቃቅ ፊደል «ሕክምናው በሙከራ ላይ ያለ ስለሆነ ክሊኒኩ ለውጤቱ ዋስትና አይሰጥም» ይላል። ቀጥሎ «የተከፈለ ገንዘብ በማናቸውም ምክንያት አይመለስም» ይላል። ስድስተኛው ገጽ ክርክር ቢነሳ የሚታየው በክሊኒኩ አገር ፍርድ ቤት ነው ይላል። ሕዋሱ ከምን እንደተገኘ፣ ስንት እንደሆነ፣ ሰውነት እንዳይጥለው ምን እንደሚደረግ አንድም መስመር የለም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2639 ሐኪም የሚገባው ግዴታ የሚችለውን ጥረት ሁሉ ማድረግ መሆኑን ይነግረናል። ስለዚህ ሐኪም «አድናለሁ» ብሎ አለመማሉ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ በፊት ገጽ ምሎ በኋላ ገጽ መካዱ ነው። አንቀጽ 1704 በተንኮል የተገኘ ፈቃድ ውሉን ሊያስፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ግን ቤቱን ሸጦ የተመለሰ አባት ያንን አንቀጽ ይዞ የማን አገር ዳኛ ፊት ይቆማል?

አንድ ቀላል መለያ ልስጥ። እውነተኛ የምርምር ሙከራ በመንግሥት ተቆጣጣሪና በሥነ ምግባር ኮሚቴ ይፈቀዳል፤ በአገራችንም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሰው ላይ የሚደረግ የመድኃኒት ሙከራ ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳል። ሙከራውም በይፋ ይመዘገባል፤ ውጤቱ ይታተማል፤ የሞተም ካለ ይነገራል። ተሳታፊውም በአብዛኛው ለሚሞከርበት ነገር አይከፍልም። ሙከራ ነው እያለ ሙሉ ዋጋ የሚያስከፍል ሰው የሚሸጠው ሕክምና ሳይሆን ተስፋ ነው።

አንቀጽ 20 ደግሞ ማንም ሰው ሕክምናን እንቢ የማለት መብት እንዳለው ይናገራል። ልጅቷ አካለ መጠን አላደረሰችም፤ የሚወስኑላት ወላጆቿ ናቸው። ቢሆንም ማንም እንዳልጠየቃት ሳውቅ በስልክ አነጋገርኳት። ስለ አይጦቹ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ጋሼ፣ አይጦቹ ኋላ ምን ሆኑ?» አለችኝ። ሕዋሱ ሲወጣባቸው ስኳሩ እንደተመለሰና በመጨረሻም ለምርመራ እንደሚገደሉ ነገርኳት። «እንግዲያው እኔ ትንሽ ልጠብቅ» አለች።

ምን ይደረግ?

ቤቱ አልተሸጠም። የአጎቴ ልጅ ከደላላው ጋር ተለያይቶ የስኳር መለኪያ ወረቀት ለብዙ ወራት የሚበቃ ገዛ። የተከፈተ ኢንሱሊን ሙቀት እንዳያበላሸው በውሃ በራሰ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ማሰሮ አዘጋጀ፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ይህ ሐኪሞችም የሚመክሩት ዘዴ ነው። ልጅቷም ከስኳር መውረድ የሚያድናትን ጥቂት ስኳር በደብተር ቦርሳዋ መያዝ ጀመረች። ስቴም ሴል እስኪደርስ ድረስ ሕይወት የሚያቆየው ይህ ነው።

የቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና አገልግሎት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ኢንሱሊን ከተገኘ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። አግኚዎቹ በ1 ዶላር የሰጡት መድኃኒት፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች የገበሬ ልጅ ዘንድ ሳይቆራረጥ ካልደረሰ፣ ነገ የሚመጣው እጅግ ውድ ሕዋስ በምን ተአምር ይደርሳታል? የዛሬውን በወጉ ያላደረሰ አገር የነገውን ከደላላ እጅ ነው የሚገዛው።

ለአጎቴ ልጅ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ በአጭሩ ይህ ነው። አይጦቹ እውነት መስክረዋል፤ ያዩትን ተናግረዋል። የዋሸው የአይጦቹን ቃል ይዞ ያላዩትን የጨመረበት ነው። እኔም ቆሽቴ ያረረው በእሱ ነው።

ቸር እንሰንብት።